የተቆለፈበት ዋይፋይ

የመምህር ይስማው ግብ ጠባቂ ኳሷን ሊይዝ እንደዘለለ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ዲጋ ከተማ ሆና በስልኳ የእግር ኳስ ጨዋታ የምትገጥመው እጮኛው ሂሩት ግን አንዴም ሳይቆራረጥባት አገባችበት። «ኔትወርኩ ነው» አላት እንደ ልማዱ፤ ሄዶም የአከራዩን የአዴ ለሊሴን በር አንኳኳ። ዋይፋዩን ከክት ነጠላቸው ጋር የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት፣ ገመዱ ብቻ በክዳኑ ሥር ሾልኮ ይታይ ነበር።

«ሌባ ፈርቼ እኮ ነው፣ ባርሲሳ» አሉ መምህሩን በኦሮምኛቸው ጠርተው፤ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ፤ ዋይፋዩንም አውጥተው ቡፌው ላይ አስቀመጡለት።

ጨዋታው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ግብ ጠባቂው በሰዓቱ ዘለለ፤ ኳሷም በሰዓቱ በብብቱ ሥር አለፈች። ደጋግማ አለፈች። «አሁንስ በምን ታመካኛለህ?» አለችው ሂሩት።

ይስማው ተመልሶ በሩን አንኳኳ። «ሳስበው እውነትዎን ነው፣ አዴ። ሰፈሩ ሌባ በዝቶበታል፤ ይቆልፉበት።»