ልሙጥ ወረቀት

ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችውን ዕቃ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ወረቀት ላይ በእርሳስ ቁጭ አድርጎ ሣለው፤ ሁለት ቀለበት፣ ሁለት ረጃጅም ስለት፣ መሃላቸው አንዲት ብሎን። መስመሩ ቅንጣት አልተዛነፈም። «ታዲያ ምንድን ነው አባባ?» ስትለው ግን አንገቱን ደፋ።

«እኔ እንጃ።»

«ዓይንዎ ደህና ነው፤ መስመሩን ያያል» አለች ሐኪሟ። «መስመሮቹን አገጣጥሞ ‹ይህ እንዲህ ነው› የሚለው የአንጎልዎ ክፍል ነው የተጎዳው።» ሴት ልጁ አላስችል ብሏት ዕቃውን አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችው። ጣቶቹ ቀለበቱ ውስጥ ገቡና ፊቱ በራ። «መቀሴ! አርባ ዓመት ያኖርሽኝ መቀሴ!» አባትና ልጅ ተቃቅፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ልጅቷ ሳቋ ሳያባራ ከቦርሳዋ አምና የቀበሯትን የእናቷን ፎቶግራፍ አውጥታ ሰጠችው። ትክ ብሎ አየው፤ ክብ መስመር፣ ሁለት ቅስት፣ ከሥራቸው አንድ አግድም።

«ይቺስ አባዬ?»

«ቆይ፣ እንዳትነግሪኝ! በእጄ አገኘዋለሁ።» ስፌት እንደሚፈትሽ ሁሉ አውራ ጣቱን ከዳር እዳር አመላለሰ። ገልብጦ ዳሰሰ፤ መልሶ ዳሰሰ።

«ልሙጥ ወረቀት ነው፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «ማንም የለበትም።»