የቪትዟ የኋላ ወንበር

የመጨረሻው ብሎን እምቢ ብሎኛል። የአሥራ አራት ቁልፍ ይዤ ከቪትዟ ውስጥ ታጥፌ ስታገል፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል በሩ ላይ ቆመው ቀስ በል ልጄ፣ አትቸኩል ይሉኛል። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተስፋሚካኤል በዕድር ሥራ አትቸኩል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰው በሞተ ቀን ቁም ስቅላችንን ነው የሚያሳዩን።

የዕድሩን ድንኳን የማመላልሰው እኔ ነኝ። መኪናዬ ትንሽ ናት፤ የኋላ ወንበሯ ካልወጣ ሸራውም ብረቱም አይገባም። ስለዚህ ጠዋት በር ይንኳኳል፣ የሟቹ ስም ይነገረኛል፣ ነፍስ ይማር ብዬ ወንበሩን እፈታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። መርዶ የሚረዳ ሰው ካለ ደግሞ ሌላም ሥራ አለኝ። ጉልበት አለው ስለሚሉኝ ከሰውየው ኋላ እቆማለሁ። ሲወድቅ የምይዘው እኔ ነኝ።

ዛሬ ግን ስም የነገረኝ የለም። ወንበሩን አውጣ፣ በቃ። ማን ሞቶ ነው ብላቸው ጋሽ ተስፋሚካኤል ሳል ያዛቸው።

ያውም ልወጣ ስል ነው የደረሱብኝ። ታናሽ ወንድሜ ኤባ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከሚሌ ከደወለልኝ ሦስት ቀኑ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ፣ ሲነጋ ቃሊቲ ድርጅታቸው ሄጄ ልጠይቅ ተነሣሁ። ሰዉ ሁሉ ኔትወርክ ነው ይለኛል። ይሆናል፤ በረሃ ነው፣ ስልክም ይቀልጣል። ብቻ ሄጄ ጠይቄ ልምጣ ብላቸው፣ መጀመሪያ ወንበሩን አሉኝ። ዕድር ነዋ፣ ምን ይደረግ።

እማማ ወርቅውሃ ናቸው ብዬ ደምድሜያለሁ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ደግ ሴት ነበሩ፣ በርበሬ ባስፈጩ ቁጥር ለእኛም ይልኩልን ነበር እያልኩ፣ ዓይኔም እንባ እያቀረረ ሁለት ብሎን ፈታሁላቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የግቢው በር ተከፈተና እማማ ወርቅውሃ በከዘራ እየተደገፉ ገቡ።

ክው አልኩ። እንደምን አደሩ አልኳቸው፣ ሌላ ምን ይባላል። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት።

ታዲያ ማን ነው? ባለቤቴ ሥርጉትን ለእንግዶቹ ሻይ አፍዪላቸው ብዬ ተጣራሁ። መጣሁ አለች፣ አልመጣችም። ድምጿ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው። ማታ ጉንፋን አልነበራትም።

ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴ ዱሬሳ ደግሞ አጥሩ ጥግ ሄዶ በስልክ ያንሾካሽካል። "ዱከም ደርሳችኋል?" ሲል ሰማሁት። ማን ነው የሚመጣው ብዬ ብጠይቀው፣ ማንም አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዱሬሳ መዋሸት አይችልበትም፣ ጆሮው ይቀላል። በዱከም በኩል የሚመጣ የማውቀው ሰው ደግሞ እህቴ ጠጄ ብቻ ናት፣ ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው። እሷ የእኛ ዕድር ውስጥ ምን አላት?

ብሎኑ ተላቀቀ። ወንበሩን ብድግ ሳደርገው ከሥሩ የኤባ ጥቁር መነጽር ወጣ። ባለፈው እሑድ ሲፈልገው ውሎ፣ ወስደህብኛል፣ ዱሮም ሌባ ነህ ብሎኝ ነው የሄደው። ሳቄ መጣ። ሲመጣ አፍንጫው ላይ ነው የምሰካለት አልኩና ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አስገባሁት። ቀና ስል ጋሽ ተስፋሚካኤል ኪሴን እያዩ ነው።

"በሉ፣ ድንኳኑን እናምጣ" አልኩ።

የተነቃነቀ ሰው የለም። ዱሬሳ ወንበሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ሁሌ በረንዳው ላይ ነው የምንከምረው፤ እሱ ግን ወስዶ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ሥር አስደገፈው፣ አቧራውንም በመዳፉ ጠረገው። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ጠጄ ገባች። አልሳመችኝም። ዓይኗ መሬት መሬት እያየ እማማ ወርቅውሃ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ሥርጉትም ያኔ ከቤት ወጣች፣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ።

"ሁንዴ ልጄ" አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ "እስቲ አረፍ በል፣ እሱ ላይ ተቀመጥ።"

ይህችን ንግግር አውቃታለሁ። ስንት ቤት ሄደን ሲሏት ሰምቻቸዋለሁ። ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚነገረው።

ፈራሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ብሎኖቹን እጄ ውስጥ ጨብጫቸዋለሁ፣ አራት ናቸው፣ አንድ ከጠፋ ወንበሩ ይንኳኳል። ብሎኖቹን ላስቀምጥ አልኩ። ይቀመጣሉ አሉኝ። መኪናዋን ልቆልፍ አልኩ። ትቆለፋለች አሉኝ። ካልተቀመጥኩ አይነግሩኝም። እስከ ማታም ቢሆን እቆማለሁ።

"ቆሜ ይሻለኛል" አልኩ።

ከበስተጀርባዬ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝና ዞር አልኩ። ዱሬሳ ነው። እኔ ሁሌ በምቆምበት ቦታ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።