የሱሩር ማር

እስክንድር ቆሻሻ አይወድም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ካሉት ሆቴሎች ሁሉ የእሱን ያህል ፊቱ የሚያበራ የለም፤ ወለሉ ጠዋት ማታ ይወለወላል፣ ጠረጴዛ ላይ ዝንብ ካረፈ አስተናጋጁ ይቀጣል። የጁስ ትራፊው፣ የለስላሳ ጭላጩ፣ የወጥ ቤት እጣቢው፣ ከመታጠቢያ ቤት የሚወጣውም ሳይቀር ከደንበኛ ዓይን ርቆ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው በገዛ ልጁ ሰርግ የተዋረደው።

ጠጁን ያስጣለው ከራሱ ማር ነበር። የሙሽራው አባት አቶ ጉልላት አንድ ጉንጭ ወሰዱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ብርሌውን አስቀምጠው አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ።

«ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል፣ አቶ እስክንድር። ይኼን ሲጥሉት ምን ሲያወሩ እንደነበር ግን እንጃ» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እስክንድር ራሱ ቀመሰው። ጣፋጩ ምላሱ ላይ እንዳለቀ ከሥሩ የከረፋ ነገር መጣ፤ ሊተፋው ፈልጎ እንግዳ ፊት ዋጠው።

በነጋታው ሊወጣ ሲል የሆቴሉን ጁስ ቀጂ ኑሀሚንን ባንኮኒው ላይ አገኛት። ከንፈሯ አብጦ አፏ ተጣሟል።

«በዚህ ፊትሽ ነው ለሰው ጁስ የምትቀጂው?»

«ጋሼ፣ ጓሮ ስሄድ እኮ ነው...»

«ሂጂ ታጠቢ» አላትና ወጣ።

ማሩ የሚመጣው ከከተማው ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው የፕሮሶፒስ ጫካ ነው። ይህ እሾሃም ዛፍ ቢቆርጡት አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጫካውን የተኮናተረው እስክንድር ነው፣ ለሆቴሉ ማገዶ። የሚጠብቀውና የሚቆርጠው ደግሞ ከወሎ የመጣው ሱሩር ነው። ሱሩር በተራ በተራ ይቆርጣል፤ አንዱ ጥግ ሲቆረጥ ሌላው ያብባል። ለድካሙም ቀፎዎቹን እዚያው ሰቅሎ ማሩን ከእስክንድር ጋር እኩል ይካፈላል። ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ዘንድሮ ከሰል ሲወደድ እስክንድር ጫካውን ባንዴ አስቆረጠው። ጅግራውም ቆቁም ጠፋ፤ ከርከሮዎቹ መጠለያ አጥተው አስፋልት ላይ መኪና እየገጫቸው ነው። ሱሩር «ለንቦቹ እንኳ አንድ ጥግ ተውላቸው» ብሎ ለምኖት ነበር። እስክንድር «ንብ ክንፍ አላት» አለውና ተወው።

አሁን በጉቶዎቹ መሃል እየረገጠ ቀጥታ ወደ ሱሩር ቆርቆሮ ቤት ገባ። ጥግ ላይ በፌስታል የተቋጠረ ስኳር አየ።

«ይኸው! ማሩን በምን እንደምታባዛው ታወቀ።»

«የሻዬ ስኳር ነው፣ ጋሼ።»

«ስኳር ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከረፋ። ምን ጨመርክበት?»

ሱሩር አንገቱን ደፋ። «መለወጡን እኔም ቀምሼ አውቄዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ወላሂ አላውቅም።»

በዚህ መሃል ነፋሱ ዞረና ክርፋቱ መጣ። እስክንድር አፍንጫውን ይዞ ሽታውን ተከተለ። ከቀፎዎቹ ጀርባ፣ መኪና የገጨው ከርከሮ እየተጎተተ መጥቶ ሞቷል። ሆዱ ፈንድቶ ትሉ ይርመሰመሳል። አፉ ላይ ክንፍ ያላቸው ነገሮች ተደራርበው እየገቡ ይወጣሉ።

እስክንድር አጎንብሶ ያለውን ሁሉ አወጣ።

«እርያ!» አለ ቀና ሲል። «የልጄን ሰርግ በእርያ ጥምብ አጠጣኸኝ።»

«ጋሼ፣ ንብ ጥምብ አትነካም። ይኼ ዝንብ ነው።»

«ታዲያ ማሩን ምን አከረፋው?»

ሱሩር ቤቱ ገብቶ የቂጣ ዱቄቱን ይዞ ወጣ፤ በቀፎዎቹ አፍ በሚወጡት ንቦች ላይ እየነሰነሰ አንድ በአንድ ነጭ አደረጋቸው።

«ከነዚህ አንዷ ጥምቡ ላይ ካረፈች ቀፎዎቹን በእጄ አቃጥላቸዋለሁ። ካላረፈች ግን አትንካብኝ» አለ።

ነጫጮቹ ንቦች ከጉቶዎቹ በላይ ተነስተው ከዓይን ጠፉ። ሁለቱ ሰዎች አፍንጫቸውን ሸፍነው ከጥምቡ አጠገብ ቆሙ። ዝንብ መጣ፣ ተርብ መጣ፣ አንድ ጥንብ አንሳ ከሰማይ ወርዶ ሰው ሲያይ ተመለሰ። ነጭ ንብ አልመጣችም።

እስክንድር ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ አልፈለገም።

«ዱቄቱ ረግፎላቸው ይሆናል» አለና የሱሩርን የፋኖስ ጋዝ አንስቶ ቀፎዎቹ ላይ አርከፈከፈው። ክብሪቱን ጫረ። ሰሙ እየተንጨረጨረ ቀለጠ፤ እጮቹ ከነማር እንጀራቸው ወደ መሬት ተንጠባጠቡ። ሱሩር አንዱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ወጥተው ያልተመለሱትስ የት ይግቡ?»

እስክንድር ሲሄድ ደስ ብሎት ነበር፤ የሚጸየፈውን ነገር ከሥሩ ያጠፋ መሰለው።

ሆቴሉ ሲደርስ ግን ልብሱ ጥምብና ጭስ ይሸታል። በዚህ ሽታ በደንበኛ መሃል ማለፍ ስላልፈለገ በጓሮ በኩል ዞረ፤ በዚያ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ኑሀሚን እስከ ዓይኗ በሻርፕ ተጠቅልላ ያደረውን የጁስ ትራፊ በባልዲ ይዛ ከእጣቢው ጉድጓድ ራቅ ብላ ቆማለች።

«እዚያው ይቁሙ፣ ጋሼ» አለችው።

አረፋ በደፈቀው እጣቢ ዳር ዳር፣ ዱቄት የለበሱ ንቦች ተደርድረው ይጠጡ ነበር።