ጣቶቹ ሲነቁ

ጣቶቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ የቀለበት ጣቱ። ብረት በያጁ ግን ደስ አይለውም። ትናንት ትከሻው በቀዶ ሕክምና ከመከፈቱ በፊት አንገቱ ሥር የወጉት ማደንዘዣ እጁን የሌላ ሰው እጅ አስመስሎት ነበር ያደረው። አሁን ሊለቀው ነው።

"እትዬ፣ እየመጣ ነው።"

ታላቅ እህቱ ከመስኮቱ ዘወር ትላለች። ምን እንደሚመጣ አትጠይቅም። ከሦስት ዓመት በፊት እግሩ ተሰብሮ ትራማዶል የሚባል ኃይለኛ ማስታገሻ ታዞለት ነበር። እግሩ በሦስት ወር ዳነ፤ ከኪኒኑ ለመላቀቅ ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። ያኔ ቤቷ አስተኝታ፣ ሲያልበው ያደረቀችው፣ ሲሰድባት ዝም ያለችው እሷ ናት። ዘንድሮም እሱ አፍሮ ጣራ ጣራ ሲያይ፣ ለሐኪሙ ሁሉንም አፍረጥርጣ የነገረችው እሷው ናት።

ነርሷ ኪኒኖች በትንሽ ኩባያ ይዛ ትገባለች። "አሁን ነው የምትውጠው።"

"ገና እኮ አላመመኝም።"

"ለዚያ ነው። ሕመሙ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ይከብዳል። ይኼ ፓራሲታሞል ነው፣ ይኼ አይቡፕሮፌን። ቁርስ በልተሃል አይደል? ቀጣዩን ሰዓቱን ጠብቄ እኔ አመጣልሃለሁ።"

"ለራስ ምታት የሚዋጥ ነገር ይኼን ትከሻ ይችለዋል?"

"ለየብቻ ቢሆኑ እንጃ። ሁለቱ ይጋገዛሉ፣ በረዶም እናደርግበታለን። ጭራሽ አያምህም ብዬ አልዋሽህም።"

"ካልቻልኩስ?"

"ትጠራኛለህ። ማደንዘዣውን መድገምም ይቻላል። ጥርስህን ነክሰህ ቻለው ያለህ የለም።"

ይውጣል። ነርሷ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ትከሻው ላይ አስተካክላ ትወጣለች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ይደርሳል። ግንባሩ ላብ ያወጣል፤ በግራ እጁ አንሶላውን ይጨመድዳል።

"እትዬ፣ አንዲት መርፌ ብቻ በያቸው። ከዚያኛው። አንዲት።"

ቃሉ ከአፉ እንዴት ቀልሎ እንደወጣ ራሱም ይደነግጣል። ትቆጣኛለች ብሎ ይጠብቃል። እህቱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ቀስ ብላ ትጠይቀዋለች።

"የቱ ጋ ነው የሚያምህ?"

"ትከሻዬን ነዋ።"

"ሌላስ? ያኔ ኪኒኑን ስታጣ ከጥፍርህ እስከ ጸጉርህ ነበር የምትለኝ።"

እግሩን ያዳምጣል፤ ወገቡን፣ ሆዱን ያዳምጣል። ሁሉም ጸጥ ብለዋል። የሚጮኸው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቢላዋ የገባበት ቦታ።

"ትከሻዬን ብቻ" ይላል፣ እንደ ምሥራች።

"ነርሷን ልጥራት?"

"ትንሽ ልየው።"

ያየዋል። ሕመሙ ይወጣል፣ ይወርዳል። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር መውረዱ እየረዘመ ይሄዳል። የተጨመደደውን አንሶላ ይለቅና ዓይኑ የአልጋው ብረት ላይ ያርፋል።

"ይቺን የበየዳት ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ? እያት፣ ስፌቷ ሰካራም የሄደበት መንገድ ነው የሚመስለው።"

እህቱ ሳቋ ያመልጣታል። ከዚያ ጫማዋን አንድ በአንድ ታወልቃለች፤ ሌሊቱን ተቀምጣ በማደሯ ያበጡ እግሮቿንም ሰብሰብ አድርጋ በእሱ እግር አጠገብ፣ አልጋው ላይ ትዘረጋለች።