አስተርጓሚው

ጣሊያኑ የአውራጃ ገዥ ስለ ነውሩ ሲጠየቅ፣ አስተርጓሚው ከጠዋት ጀምሮ በመካከል ቆሞ እግሩ ዝሏል፤ ጉሮሮው ደርቋል። ከአስመራ የመጣው መርማሪ ይጠይቃል፤ ገዥው እያዛጋ ይመልሳል፤ እሱ የሁሉንም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስተረጉማል።

«ልጄን የሻረግን ከትዳሯ በወታደር አስወስዶ ቅምጡ አደረጋት» አሉ ከሳሹ ሽማግሌ።

«ወዳ ነው የመጣችው» አለ ገዥው።

አስተርጓሚው ይህንንም ድምፁ ሳይለወጥ ለሽማግሌው ነገራቸው።

«ባሏስ ምን አለ?» ሲል መርማሪው ጠየቀ።

ገዥው ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል፣ «ባሏማ በደስታ ፈቅዷል» አለ።



«ምን አለ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

አስተርጓሚው ወደ መርማሪው ዞረና በጣሊያንኛ፣ «አልፈቀድኩም ጌታዬ» አለ።