አራት መቶ አራት

«አልተገኘም ይላል፤ አራት መቶ አራት» አለ የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት።

ኛቶክ ከቆመችበት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ድንበር ማዶ በጦርነቱ የጠፋውን የወንድሟን ስም፣ በሕይወት ከተገኙት ዝርዝር ውስጥ ልትፈልግ ነበር የመጣችው።

«አራት መቶ አራት ሰው አለቀ?»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ የሰው ቁጥር አይደለም። እኛ ገጹን ላክልን ብለን ጠየቅን፤ ዝርዝሩን የያዘው ኮምፒውተር ደግሞ እንዲህ ያለ ገጽ የለኝም ሲል በዚህ ቁጥር ነው የሚመልሰው። አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ገድፌ ነው።»

ፊደሏን ጨምሮ እንደገና ጠየቀ። በስልክ መስመር የሚመጣው መልስ ቀርፋፋ ነበር፤ ስሞቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። የወንድሟ ስም የሚጀምርበት ፊደል ላይ ሲደርስ ኛቶክ ስክሪኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ልቀመጥ።»