አምስተኛው ፎቅ

«ጥላ ሰው ገድሎ ያውቃል?» አለ ዘውዱ፣ ከሕንፃው ግድግዳ ሥር የተሰጠውን የፕላስቲክ ወንበር ወደ ሰዉ ጠጋ እያደረገ። «ንገሩኝ እስቲ! እኔ ለከተማው ስምንት ፎቅ ልሠራ፣ እናንተ ጥላ ጥላ ትሉኛላችሁ?»

ዘቢባ ካሰጣችው በርበሬ መሃል ብድግ ብላ ልትመልስለት ስትል፣ ሽምግልናውን የሚመሩት አባ አያሌው በምርኩዛቸው ዝም አሰኟት። «አንቺ ቆዪ፤ ሰውየው ይጨርስ።» ተቀመጠች። ደሟ ግን ፈልቷል።

መቼም የደብረ ታቦር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ታኅሣሥ ሲገባማ ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይቆረጥማል። ከገበያው ጀርባ ያለችው ሜዳ ታዲያ የሁሉም ናት፤ ሽማግሌው ፀሐይ ይሞቅባታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣልባታል። እነ ዘቢባም ከሐሙሲት ገበያ ያመጡትን በርበሬ የሚያሰጡት እዚያው ነው። በርበሬ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ ማን ይገዛል?

የዘውዱ ሕንፃ በሜዳዋ ምዕራብ በኩል አራት ፎቅ ደርሶ ቆሟል። አሁንም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ጥላው ቀስ እያለ ግማሹን ሜዳ ይወስዳል። አራት ፎቅ ቢጨመርበት፣ ገና ሰው ምሳውን ሳይጨርስ ፀሐይ የለችም ማለት ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ኢንጂነር እመቤት ቃሏ አጭር ነበር። ሰፈሩ ከተስማማ ፈቃድ ይሰጣል፤ ካልተስማማ አይሰጥም።

ሰፈሩ ደግሞ እየተስማማ ነበር! ዘቢባን ያንገበገባት እሱ ነው። ሰውየው አንደበተ ርቱዕ ነው። ከታች ያሉትን ሱቆች ለሰፈሩ ሰው ነው የማከራየው ሲል ዓለሚቱ፣ ያቺ ከዘቢባ ጎን በርበሬ የምታሰጣው ዓለሚቱ፣ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ሊፍቱ ሲያወራ አባ አያሌው ሳይቀሩ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ያ ረቢ፣ አለቀልን» አለች ዘቢባ በሆዷ።

ጥላው ዘውዱ እግር ላይ ደረሰ። ወሬውን ሳያቋርጥ ወንበሩን ጎተተና ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ባንኩ ተናገረ፤ ጎተተ። ስለ ሆቴሉ ተናገረ፤ ኮቱን ቆለፈና እንደገና ጎተተ። ሰዉም አብሮት ትንሽ ትንሽ ይንፏቀቃል፤ ልብ ያለው የለም። ጉና ሥር ተወልዶ ላደገ ሰው ፀሐይ መከተል ማሰብ አይጠይቅም።

ዘቢባ የባነነችው የወንበሩ እግር በርበሬዋ የተሰጣበት ኬሻ ላይ ሲወጣ ነው። ልትጮኽበት ቀና አለች። ያለበትን አየች፤ ቀጥላም የመጣበትን አየች። ከግድግዳው ሥር እስከ በርበሬዋ ድረስ የወንበሩ እግር አፈሩን እንደ ማረሻ ቀዶታል።

ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ኧረ ይጠጉ ጋሼ ዘውዱ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በርበሬዋን በእጇ ገፋ ገፋ እያደረገች። «ይምጡ፣ እዚህ ይሞቃል። ብርዱ እንዳይመታዎት!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዘውዱ፣ የምሩን ሊጠጋ ተነሥቶ። ወንበሩን ሊጎትት ሲዞር የመጣበትን መስመር አየና ቆሞ ቀረ።

መጀመሪያ የፈነዳችው ዓለሚቱ ናት። ከዚያማ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አባ አያሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «አንተ ልጅ፣ ከዚያ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?» አሉት።

«ብርድ… ብርድ ብሎኝ ነዋ።»

«እኛንስ?» አለች ዘቢባ። አሁን ዝም በይ የሚላት አልነበረም። «እርስዎ በአራት ፎቅ ጥላ አንድ ከሰዓት መቀመጥ አቃተዎት። ስምንት ሲሆን እኛ ወዴት እንሂድ? ወንበራችንን እስከ ጋይንት እንጎትተው?»

ሳቁ በረደ። ዘውዱ ወደ ሕንፃው ዞረ። አናቱ ላይ ለአምስተኛው ፎቅ የተተወው ብረት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥር እስከ ላይ አየው። በሰው ፊት ያፈረ ባለጸጋ እልህ ከያዘው መመለሻ የለውም። ከሱ ጋር የተስማሙትም አንድ ቃል ነው የሚጠብቁት።

«እንግዲህ ምን አባቴ ልበል!» አለ በመጨረሻ፣ ራሱም ሳቅ እያመለጠው። «ተሸንፌአለሁ። ብረቱ ይቆረጥ። ወደ ላይ መውጣቱ ይቅርና በጓሮዬ በኩል ወደ ጎን እሰፋለሁ።»

«በጓሮ ከሆነ ነገ ይምጡ» አለች ኢንጂነር እመቤት፣ «ፈቃዱን እኔው ራሴ አስጨርስልዎታለሁ።»

እልልታው ከሜዳው አልፎ ገበያው ድረስ ተሰማ። ዘቢባ አብራ እልል ስትል ድምጿ ተሰነጠቀ። ደስ አላት፤ እንዲያው ዝም ብሎ ደስ አላት። እንባዋን ልትጠርግ እጇን አነሣችና በርበሬ መንካቷ ትዝ ሲላት ተወችው፤ ይውረድ ብላ።

ጥላው ግን እርቅ አይጠብቅም፤ የኬሻዋን ጫፍ ይዟል። ዘቢባ በአንድ በኩል ያዘችና በሌላው በኩል የሚያግዛት ሰው ፈለገች። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ ያዘላት።

«ቀስ ይበሉ! እንዳይደፉብኝ!»

«እሺ፣ እሺ» አለ ባለ ሕንፃው፣ ከነኮቱ፣ የኋሊት ወደ ፀሐዩ እየተራመደ።